የጋሪዋ ጅማና የባጃጇ ጅማ

የልጅነቴ ጅማ በጋሪ ትሄድ ነበር፤ ፈረሱ ከመታየቱ በፊት ኮቴው ይሰማል። የዛሬዋ በባጃጅ ትከንፋለች። ፍጥነቱን አልጠላሁትም፤ ጆሮዬ ግን ኮቴውን ይናፍቃል። አዌቱ ወንዝ ያኔ ልብስ ማጠቢያችን ነበር፤ አሁን ድልድዩን የምሻገረው አፍንጫዬን ይዤ ነው።

ትልቁ ለውጥ ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ከየአቅጣጫው ተማሪ ጎረፈ፤ በየአጥሩም «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እናቴ ቡና የምታሰጣበት ግቢ ዛሬ የተማሪዎች ማደሪያ ነው። ልጅ ለማስተማር የአሁኗን ጅማ እመርጣለሁ፤ ከጎረቤት ጋር ሦስተኛውን ስኒ ለመጠጣት የድሮዋን። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ያው ነው፤ ዋጋው ካልሆነ በስተቀር።