ስትሮክ ላጋጠማቸው ጨቅላ ሕፃናት የሚሰጥ ክትትል፦ ስታዲየም አካባቢ ያገኘሁት አገልግሎት

ልጄ በተወለደች በሁለተኛው ቀን ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ብቻ ደጋግመው ይንቀጠቀጡ ጀመር። በኤምአርአይ ምርመራ ወደ ግራው የአንጎሏ ክፍል ደም የሚያደርሰው ቧንቧ መዘጋቱ፣ ማለትም ስትሮክ መሆኑ ታወቀ። ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ነርቭና ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ መመላለስ ከጀመርን ስምንት ወር ሆኖናል፤ ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ለገጠማቸው ወላጆች ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ሐኪሟ የሰጡንን ጊዜ ነው። ምጤ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ልጄ የተወለደችው በቫኪዩም ተስባ ስለነበር፣ ዘመድ አዝማዱ «አዋላጆቹ ናቸው የጎዷት» ሲል፣ እኔ ደግሞ «በደንብ ሳላምጥ ቀርቼ ነው» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከርሜአለሁ። ሐኪሟ የእንግዴ ልጁንና የፅንሱን ልብ ወረቀት ላይ እየሣሉ፣ ከእንግዴ ልጁ የተነሣ የረጋ ደም በፅንሱ ልብ ውስጥ ባለው ተፈጥሯዊ ቀዳዳ አልፎ አንጎል ሊደርስ እንደሚችል አስረዱን። የረዘመ ምጥ፣ በመሣሪያ መወለድ፣ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና፣ የእንሽርት ውሃ ፈሶ ብዙ ሰዓት መቆየትና የማኅፀን ኢንፌክሽን በእነዚህ ሕፃናት የወሊድ ታሪክ ውስጥ አዘውትረው ቢገኙም፣ አብሮ መገኘት ብቻውን መንስኤነትን እንደማያረጋግጥና ብዙ ጊዜ አንድ የተለየ ምክንያት እንደማይገኝ ነገሩን። ችግሩ ከ4,000 ገደማ ሕፃናት አንዱን እንደሚያጋጥም፣ «ታፍኖ ተወለደ» ከሚባለውም የተለየ መሆኑን የሰማሁት እዚያው ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ፊዚዮቴራፒስቱ በደህናው ግራ እጇ ላይ ለስላሳ ጓንት ያጠልቅና በቀኟ በኩል ቀይ ማንኪያ ያስጠጋላታል፤ ጡጫዋን ለመክፈት ስትታገል ዝም ብሎ ይጠብቃታል እንጂ አይቸኩልም። ማንኪያውን የጨበጠች ዕለት አውራ ጣቷ ገና ወደ ውስጥ እንደታጠፈ ነበር። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንዱን እጅ ብቻ የሚያዘወትር ከሆነ «ግራኝ ነው» ተብሎ መታለፍ እንደሌለበት የነገረንም እሱ ነው።

ቅሬታዬ ወረፋው ነው። ለ3 ሰዓት ተቀጥረን 5 ሰዓት የገባንበት ጊዜ አለ፤ መብራት ሲጠፋም ልጅ አዝሎ አራተኛ ፎቅ መውጣት ግድ ነው። የምትሄዱ ከሆነ የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ጠይቁ፤ ከወለዳችሁበት ተቋም የተሰጣችሁን የምጥና የወሊድ መረጃ ያዙ፣ ሐኪሟ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።