ባለሞላ ወይስ ሞላ የሌለው? ለአዲስ አበባ ዳገት የሚሆን ሃይብሪድ ሳይክል

ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ሳይክል ለመመለስ ያሰበ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ «ስንት ማርሽ አለው?» ይላል። ቀጥሎ «ሞላስ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ለመሃል አዲስ አበባ ሁለቱም ጥያቄዎች ብዙ አይረዱም። መጠየቅ ያለበት በጣም ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ቀላል እንደሆነና ሳይክሉ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ ፔዳል መርገጥ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ማታ ግን ያንኑ መንገድ ደክሟችሁ ነው የምትወጡት። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የነዳችሁ በተለይ ይሄን አስቡበት። እዚያ አንድ ማርሽ ያለው ሳይክል ይበቃል። እዚህ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ለመድረስ እንኳ አይበቃም።

ሃይብሪድ የሚባለው በውድድር ሳይክልና በማውንቴን (ለተራራና ለጫካ መንገድ በተሠራው ሳይክል) መሃል ያለው ነው። ቸርኬው እንደ ውድድር ሳይክል ትልቅ ነው፣ መሪው እንደ ማውንቴን ቀጥ ያለ ነው፣ ጎማው ደግሞ መካከለኛ። ሰውነታችሁ ብዙ ሳይጎነበስ ትቀመጣላችሁ፣ ስለዚህ ከኋላ የሚመጣውን ሚኒባስ ዞር ብሎ ማየት ይቀላል። ቆይቶ ለሚመለስ ሰው ወገብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ማውንቴኑ ምን ይሻላል? ጉድጓድ ይችላል። ቸርኬው 26 ኢንች ከሆነ ደግሞ ጎማውም የውስጥ ጎማውም በቀላሉ ይገኛል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ለመንዳት ካሰባችሁ እሱን ግዙ፣ አልከራከርም። ለአስፋልት ግን ጥርሳሙ ጎማ ይጎትታል፣ ይጮኻል። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን ርካሹን ማውንቴን ግን ለማንም አልመክርም። ብዙዎቹ ከ15 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ዳገት ላይ ስትረግጡ ደግሞ ጉልበታችሁ ሞላውን ሲያወርድና ሲያወጣ ይባክናል።

የውድድር ሳይክል ቀላል ነው፣ ያምራል። ግን 23 ወይም 25 ሚሊ ጎማ ይዛችሁ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ኮብልስቶን ስትገቡ እጃችሁ ይደነዝዛል። ለሚመለስ ሰው መጀመሪያ ላይ አይሆንም፣ በቃ።

አሁን ወደ ማርሹ። 21 ማርሽ ማለት ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሳም ክቦች ከፊት 3፣ ከኋላ 7፣ ሲባዛ 21 ማለት ነው። ቁጥሩ ስለ ዳገት ምንም አይነግራችሁም። ቁም ነገሩ የፊቷ ትንሿ ክብ ስንት ጥርስ አላት፣ የኋላዋ ትልቋስ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ላያቸው ላይ ተጽፏል፣ ካልተጻፈም ቁጠሩት፣ ሻጩ ቢገረምም ግድ የለም። የፊቷ 28፣ የኋላዋ 34 ከሆነች ፔዳሉን አንዴ ሙሉ ስታዞሩ ሳይክሉ 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 39፣ ከኋላ 25 የሆነ የድሮ የውድድር ሳይክል በአንድ ዙር 3.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ያ ሁሉ መንገድ በአንድ ዙር የሚወጣው በእናንተ ጉልበት ነው። ስለዚህ የኋላዋ ትልቋ ክብ ከፊቷ ትንሿ ጋር እኩል ወይም የምትበልጥ ትሁን። ከፊት 46 እና 30፣ ከኋላ ደግሞ እስከ 34 ያለው ባለ 16 ወይም 18 ማርሽ ሃይብሪድ፣ ከኋላ 28 ላይ ከሚቆም ብዙ ባለ 21 ማርሽ ይልቅ ዳገት ሊያቀል ይችላል።

ከሃይብሪድም ሁለት ዓይነት አለ፣ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ የፊት ሹካው ላይ ሞላ አለው፣ ሌላው የለውም። ለምሳሌ ትሬክ ኤፍኤክስና ጃያንት ኤስኬፕ ሞላ የላቸውም፣ ጃያንት ሮም አለው። ባለሞላውን ሱቅ ውስጥ ጫን ጫን ስታደርጉት ለስለስ ይላል፣ ልብ ይሰርቃል። ግን በርካሾቹ ላይ ያለው ሞላ ራሱ ከባድ ነው፣ ብቻውን አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስታችሁ ስትረግጡ ይወዛወዛል። ክረምት ላይ ጭቃና ውሃ ይገባዋል፣ ካልተጸዳ ይደርቅና ክብደቱ ብቻ ይቀራል። ኮብልስቶንን በእውነት የሚያለሰልሰው የጎማ ስፋት ነው፣ ከልክ በላይ ያልተነፋ 38 ወይም 40 ሚሊ ጎማ። እኔ ያለ ምንም ማመንታት ሞላ የሌለውን እመርጣለሁ። የእጅ አንጓ ሕመም ያለበት ሰው ግን ባለሞላውን ቢወስድ ልክ ነው፣ ዳገት ላይ ሞላውን የሚቆልፍ ማብሪያ መኖሩን ብቻ ያረጋግጥ።

ጎማው ጎን ላይ 40-622 ዓይነት ቁጥር ታያላችሁ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ። 622 የሃይብሪድ ነው፣ ባለ 29 ማውንቴንም ያው 622 ነው። የ26 ማውንቴን 559 ነው፣ አይገጥምም። ሳይክሉን የገዛችሁ ቀን ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ አብራችሁ ግዙ። የመንፊያው ጫፍ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፣ የትኛውም ጎሚስታ ጋ ቆማችሁ ታስነፋላችሁ። ቀጭኑ ግን ያለ ማገናኛ እዚያ አይነፋም።

ፍሬን ላይ ብዙ አልቆይም። ቸርኬውን በጎማ የሚይዘው ርካሽ ነው፣ ለመጠገንም ቀላል ነው፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመታው ግን ለመያዝ ይዘገያል፣ ቁልቁለት ላይ ይሄ ያስፈራል። በገመድ የሚሠራ ዲስክ ፍሬን (ቸርኬው መሃል ያለችውን የብረት ሳህን የሚይዘው) ለዚህ ከተማ ልኩ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በዝናብም ይይዛል፣ ገመዱን ማንም ይቀይረዋል። በዘይት የሚሠራው ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን አየር ሲገባው የሚያስተካክል ሰው ማወቅ አለባችሁ።

ልኩን ሳትሞክሩ አትግዙ። ሳይክሉን በእግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ስትቆሙ የላይኛው ብረት እንዳይነካችሁ። ኮርቻው ላይ ሆናችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ በትንሹ ብቻ መታጠፍ አለበት። ጉልበት ወይም ዳሌ የሚያማቸው፣ ቀሚስ ለብሰው መንዳት የሚፈልጉም፣ የላይኛው ብረቱ ወደ ታች የወረደውን ይጠይቁ። እግር ሳያነሱ ነው የሚወጡበት።

ያገለገለ ከሆነ የኋላውን ጎማ አንስታችሁ አሽከርክሩ፣ ቸርኬው ግራና ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ አትቸኩሉ። ካቴናው የዛገ መሆኑ ብቻ ችግር አይደለም፣ ይቀየራል። የተሰነጠቀ ወይም የተበየደ አሉሚኒየም ካያችሁ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተዉት። ከዚያ ሻጩ ከፈቀደ በአቅራቢያው ያለ ዳገት ላይ ሞክሩት። ሜዳ ላይ ሁሉም ሳይክል ጥሩ ነው።

ከበጀታችሁ ላይ ለሄልሜት፣ ለፊትና ለኋላ መብራት፣ ለጠንካራ ቁልፍና ለፓራፋንጎ የሚሆን አስቀሩ። አዲስ ሳይክል ከሆነ ደግሞ የፍሬንና የማርሽ ገመዶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይለጠጣሉ፣ ማርሹ መዝለል ይጀምራል። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ መካኒኩ ጋ ውሰዱትና ገመዱን ይወጥርላችሁ።