ከማርቆስ እስከ ግሽ ዓባይ ስለቴን ያስፈጸመችኝ ነርስ

ጥር 13 ቀን የአቡነ ዘርዓ ብሩክን በዓል ግሽ ዓባይ ለማክበር ከደብረ ማርቆስ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ከተሳልኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ዓይነት ሁለት ስኳር ስላለብኝ ያማከርኩት ሁሉ «በመኪና ይሂዱ» ይለኛል። አንዱማ ከካርዱ ላይ ቀና ብሎም አላየኝም።

ዘንድሮ ግን የጤና ጣቢያው የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ «በቀን ስንት ሰዓት ትሄዳላችሁ? ገሃድ መንገድ ላይ ነው የሚውልባችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ገሃድ የጠየቀኝ ባለሙያ እሷ የመጀመሪያዋ ናት! የጾሙን ነገር ወደ ንስሐ አባቴ መራችው፤ እሳቸውም ለሕመምተኛ የሚገባውን ፈቀዱልኝ። ከሐኪሙ ጋር ተመካክራ ደግሞ ለጉዞው ቀናት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒኔን አስቀነሰችልኝ፤ መንገድ ሲበዛ ስኳርን ከልክ በታች የሚጥለው እሱ ነው። ሌላው ኪኒኔ ሜትፎርሚን ባለበት ቀጠለ። ይህ የእኔ ልክ ነው፤ የእናንተን ሐኪማችሁ ይወስን።

ሐሳቤ በባዶ እግሬ ለመሄድ ነበር። ሲስተር አልተከራከረችኝም። ዓይኔን አስጨፍና ውስጥ እግሬን በቀጭን የናይለን ክር መንካት ጀመረች፤ ሲሰማኝ «አዎ» እላለሁ። ጥቂት ቆይቼ «ጨረስሽ እንዴ?» አልኳት። «ጋሼ፣ አሁን ሁለት ጊዜ ነካሁዎት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ባዶ እግር አላነሳሁም። አዲስ ጫማ እንዳልገዛ፣ የለመድኩትን እንዳደርግ፣ ማታ ማታ የወንድሜ ልጅ በባትሪ እግሬን እንዲያይልኝ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ካየም እንዳያፈርጠው ነገረችን።

ልጁን ራሷ ናት አስጠርታ ያስተማረችው። ፍኖተ ሰላም ባደርንበት ሌሊት ላብ አጥምቆኝ እየተንቀጠቀጥኩ ነቃሁ። ለካ የቀኑ መንገድ ሌሊትም ስኳር ያወርዳል! ልጁ ጣቴን ወግቶ ስኳሬን ለካ፤ 58፣ ከልክ በታች። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጣኝ፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ለካ፤ 84። ዳቦ አብልቶኝ ተኛን። እኔ ብቻዬን ብሆን ድካም ነው ብዬ ተጠቅልዬ እተኛ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የከበደኝ ጠላው ነው። ጥምቀትን መንገድ ላይ ስናሳልፍ በየደጃፉ «በእመቤቴ፣ ቅመሱልን» ይሉናል። መጠጥ በኪኒንና በድካም ላይ ሲጨመር ሌሊት ስኳርን እንደሚጥል ሲስተር ስለነገረችኝ፣ ቆሎውን እየዘገንኩ ጠላውን ለልጁ አሳለፍኩ። እሱ አልተከፋም።

ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም። ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ ስኳር እያለባችሁ ስለት ያለባችሁ፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝና ያለችበትን ልንገራችሁ። ጉዞው አንድ ወር ሲቀረው ሂዱ እንጂ ዋዜማውን አትሂዱባት።

ስመለስ ጠበል ይዤላት ሄድኩ። እንኳን አደረሰዎ አለችኝ፤ ጠበሉን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጀመሪያ ጫማዬን አስወለቀችኝ።