ኤልኤስ 430 ወይስ ኤስ 430? ራሱ ለሚጠግን ገዢ

እዚህ ሜሪላንድ ሁለቱም በየሰፈሩ «ይሸጣል» ተለጥፎባቸው ይታያሉ፦ ከ2001 እስከ 2006 የተሠራው ሌክሰስ ኤልኤስ 430 እና ከ2000 እስከ 2006 ያለው መርሰዲስ ኤስ 430። ሁለቱም ባለ 4.3 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ናቸው። መግዣቸው ረክሷል፤ የጋራዥ ሂሳባቸው ግን ያኔ አዲስ ሳሉ እንደነበረው ነው። ስለዚህ እኔ የምመዝናቸው በአንድ ነገር ነው፦ ሲበላሽ እጄ ይደርሳል ወይ?

ሰው ሁሉ «የጀርመን መኪና አይነካም» ይላል። ሞተሩን በተመለከተ አልስማማም። የመርሰዲሱ ታይሚንግ (ቫልቮላዎቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደው) በካቴና ስለሆነ በየጊዜው የሚቀየር ቺንጋ የለበትም። የዘይት ፊልትሮው ኮፈኑን ስትከፍቱ ከላይ ቁጭ ብሏል፤ ዘይቱንም በመለኪያው ቱቦ መጥጦ ማውጣት ስለሚቻል ክሪክ እንኳ አያስፈልግም። 8 ሊትር ገደማ ይጠጣል እንጂ። የሚያሰለቸው ካንዴላው ነው፤ ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 16። ሌክሰሱ 8 ብቻ ነው ያለው።

ሌክሰሱ ደግሞ የራሱ ጉድ አለበት። ታይሚንግ ቺንጋው በ90,000 ማይል ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስቶን ይጋጫሉ። የውሃ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ ስለሚዞር አብሮ ይቀየር። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኙን አሳየኝ በሉት፤ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋ ቀንሱ። ሁለተኛው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። እኔ ቁልፍ ሳዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲለኝ መጀመሪያ ባትሪ ቀየርኩ፤ ከዚያ መኪናው ስር ተኝቼ የእጅ ባትሪ እያበራሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተሪኖ ፈለግኩ። ለካ ከላይ ነው፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል፣ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ሥር! ዕቃው ርካሽ ነው፣ መንገዱ ነው ረጅሙ።

መርሰዲሱ ኪስ የሚያራቁተው በእግሩ ነው። ኤርማቲክ የሚባለው የአየር ሰስፔንሽን (በሞላ ፈንታ አየር በተሞላ ላስቲክ መኪናውን የሚሸከመው) ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ነው፤ ላስቲኩ ሲያረጅ መኪናው ሌሊቱን አየር ያፈስና ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክኮ ታገኙታላችሁ። ቸል ካላችሁት ኮምፕሬሰሩ የሚፈሰውን ለመተካት ሲሮጥ ይቃጠላል። ፍሳሹን ለማግኘት የሳሙና ውሃ መርጨት ነው፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም፣ ዋጋው እንጂ። አብዛኛው ኤልኤስ 430 ግን ተራ ሞላ ነው ያለው። ባለ አየሩ ውድ ፓኬጅ ቢያጋጥማችሁ እለፉት። ሌክሰሱ ከፊት ጉድጓድ ላይ «ኳ» ካለ ብዙ ጊዜ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ጎሚኒ አልቆ ነው።

ሌላው ኮምፒውተር ነው። ርካሹ ኦቢዲ ማንበቢያ (መኪናው ላይ ተሰክቶ የብልሽት ኮድ የሚያሳየው) የመርሰዲሱን የሞተር ኮድ ያነባል፣ የኤርማቲኩን ግን አይነግራችሁም፤ ለመርሰዲስ የተሠራ መሣሪያ ግዙ። ባለ አምስት ማርሹ የመርሰዲስ ካምቢዮ ላይ ያለው የሽቦ መሰኪያም ዘይት ያፈስና ዘይቱ በሽቦው ውስጥ ተስቦ እስከ ኮምፒውተሩ ይወጣል። መሰኪያው ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ስትቀይሩ አብራችሁ ቀይሩት።

«ሠርቼው ኋላ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚል ካለ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች።

ወደ ሥራ የምትሄዱበት ሌላ መኪና ከሌላችሁ ባለ ሞላውን ሌክሰስ ግዙ። ሌላ መኪናና ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ካላችሁ፣ የአየር እግሮቹ የተቀየሩለት ኤስ 430 ያስደስታችኋል። ባለ ቪ12ቱን ኤስ 600 ማንም በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ አስቡበት።

መርሰዲሱን ለማየት ማለዳ ቅጠሩ፤ ሻጩንም ሳልደርስ እንዳታስነሳው በሉት። ደርሳችሁ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ከሞቀ አስነስቶ እግሩን ሞልቶላችኋል ማለት ነው፤ ለሌላ ቀን ቅጠሩት።