«ጌጡ ሳይፈታ ሸፍነን እንቀባዋለን» ለሚላችሁ ቀለም ቀቢ መኪናችሁን ከማስረከባችሁ በፊት

አሮጌ ክላሲክ መኪና ለማሳደስ ለምታስቡ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ በቀለም ሥራ ውል ውስጥ ተደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ አሳሳች አሠራር ስላለ ነው። ቀለም ቀቢው «ሙሉ ቀለም» ብሎ ይዋዋላል፤ የሚያስከፍለውም የሙሉ ቀለም ሒሳብ ነው። ሥራው ሲጀመር ግን በመስታወቱ ዙሪያ ያለው የክሮም ክፈፍ፣ በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የመኪናው ቆርቆሮ) ላይ ታጥፎ የሚያልፈው ጌጥ፣ የፊት መብራቱ ቀለበትና የመኪናው ስም የተቀረጸበት ብረት አንዳቸውም ሳይፈቱ፣ በወረቀት ፕላስተር (ማስኪንግ ቴፕ) ተሸፍነው ቀለሙ ይረጫል። መፍታትና መልሶ መግጠም ጊዜ የሚበላ ሥራ በመሆኑ፣ ደንበኛው አጥብቆ ካልጠየቀ በስተቀር መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። ሥራው ተዘልሎ ሒሳቡ ግን አይቀነስም።

የእኔን መኪና ስረከብ ከሩቅ ለሚያያት እንከን አልነበራትም። ጠጋ ብሎ የኋላውን መስታወት ጥግ ለተመለከተ ግን፣ ክሮሙ በሚታጠፍበት ቦታ የፕላስተሩ ሽብሽብ በቀለም ታትሞ ቀርቶ ነበር፤ ክሮሙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን የቀለም ሰረዞች ይታያሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ወፍራም የቀለም ጠርዝ አለ። ቅሬታ ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ «በቲነር ይጠረጋል» የሚል ነበር። ሲጠረግ ሰረዙ ከክሮሙ ለቀቀ፤ ከጎኑ ያለው አዲስ ቀለም ግን አብሮ ደበዘዘ።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሰፊ የወረቀት ፕላስተር በቀጥታ መስመር ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ጠመዝማዛ ነገር ላይ ሲለጠፍ ግን የውጭው ጠርዙ ይወጠራል፣ የውስጡ ደግሞ ይሸበሸባል። በእያንዳንዱ ሽብሽብ ሥር ቀለም የሚገባበት ጠባብ መተላለፊያ ይፈጠራል። ሠራተኛው ሽብሽቡን ለማጥፋት ፕላስተሩን በኃይል ስቦ ሲለጥፈው ደግሞ፣ የተወጠረው ፕላስተር ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ስለሚታገል ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱን ከጠርዙ ላይ ያነሳል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ቀለሙ በሚረጭበት ሰዓት ነው። ለጠመዝማዛ ጠርዝ የሚያገለግለው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ስፋቱ 3 ወይም 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን የመስመር ፕላስተር ነው። እሱ ሳይሸበሸብ ይታጠፋል፣ ጠርዙም ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል። ሰፊው ፕላስተርና ወረቀቱ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጭኑን ተደግፈው የቀረውን አካል ይሸፍናሉ።

የፕላስተሩ ዓይነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማስኪንግ ቴፕ የሚባለው ዕቃ ከመጀመሪያው የተፈለሰፈው ለዚሁ ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የ3ኤም ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ድሩ የሠራው፣ ባለ ሁለት ቀለም መኪና የሚቀቡ ሠራተኞች ሁለቱን ቀለሞች የሚለይ መስመር ለማውጣት ሲቸገሩ አይቶ ነው። መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ የቤት ግድግዳ ለመቀባት የተሠራ ርካሽ ፕላስተር በመኪና ላይ ሲለጠፍ ማየት ያስገርማል። የግድግዳው ፕላስተር የመኪና ቀለም ቲነርን አይቋቋምም፤ መኪናው በማድረቂያ ክፍል ውስጥ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅም ሙጫው ይለሰልስና ክሮሙና ጎማው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በጋዜጣ መሸፈንም ያው ነው፤ ቲነሩ ጋዜጣውን አልፎ ይገባል፣ የጋዜጣው ቀለምም ከሥሩ ወዳለው አካል ሊተላለፍ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚታየው ጉዳት ነው። የባሰው ከጌጡ ሥር ያለው ነው። ጌጡ ካልተፈታ የብርጭቆ ወረቀት ከጠርዙ ሥር አይገባም፤ ለዓመታት በማወልወያ ሰምና በሲሊኮን የተለሰነው ጥግም በወጉ አይጸዳም። እንዲህ ባለው ጥግ ላይ የተረጨ ቀለም የሚይዘው ነገር ስለሌለው ውሎ አድሮ ይላጣል። በተጨማሪም ቀለሙ ከቆርቆሮው ተነስቶ በጌጡ ላይ እንደ ድልድይ ስለሚያርፍ፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥና በፀሐይ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ያ ድልድይ ይሰነጠቃል፣ ውኃም በስንጥቁ ይገባል። በክላሲክ መኪኖች ላይ ዝገት ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ጌጡን የሚይዙት ክሊፖች የተሰኩባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ሸፍኖ የቀባ ሰው እነዚህን ቀዳዳዎች አላያቸውም፤ የከፈላችሁበት አዲስ ቀለም ያረፈው በቆየው ዝገት ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለቀለም ቀቢዎች ፍትሐዊ ለመሆን፣ የማይፈታ ጌጥ አለ። ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጹ ስሞችና ምልክቶች ከጀርባቸው ያለው እግር በቀላሉ ይሰበራል፤ ስስ የአሉሚኒየም ክፈፍም ሲፈታ ከታጠፈ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ምትኩ በማይገኝለት መኪና ላይ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ «ይህኛውን መፍታት አደጋ አለው» ብሎ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም እንዲህ ያለው ጌጥ ሲሸፈን ቀጭኑ ፕላስተር ሳይወጠር፣ አንዱ እጅ እየመራ ሌላው ጣት እየተጫነው፣ ከቆርቆሮው የፀጉር ያህል ርቀት ትቶ በጌጡ ጠርዝ ላይ መሄድ አለበት፤ ያ ክፍተት ነው ቀለሙ ድልድይ እንዳይሠራ የሚያደርገው። ትርፍ ፕላስተርን እዚያው ጌጡ ላይ በምላጭ የሚቆርጥ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። በአሉሚኒየሙ ላይ ያለው መከላከያ ሽፋን አንዴ ከተቆረጠ መልሶ አይገጥምም። የመስታወት ጎማ ሲሆን ደግሞ የጎማውን ከንፈር ከቆርቆሮው አንስቶ የሚይዝ ልዩ ፕላስተር ስላለ፣ ቀለሙ ከጎማው ሥር እንዲገባ በእሱ መጠቀም ይገባል፤ አለበለዚያ ጎማው ሲደርቅና ሲሸሽ የድሮው ቀለም ብቅ ይላል።

ከመዋዋላችሁ በፊት የትኛው ጌጥ እንደሚፈታ፣ የትኛው ባለበት እንደሚሸፈንና በምን ዓይነት ፕላስተር እንደሚሸፈን በስም በስሙ በውሉ ላይ አስጽፉ። «ሙሉ ቀለም» የሚለው ሐረግ ብቻውን ለክርክር አይበቃም፤ እኔን ባዶ እጄን የመለሰኝ እሱ ነው። እያንዳንዱን ጌጥ ከመኪናው ጋር ፎቶ አንሱት፤ ክሊፖቹ ተቆጥረው በከረጢት እንዲቀመጡ ጠይቁ። ፕላስተሩ መቼ እንደሚነሳም ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ቀለሙ ፈጽሞ ከመጠንከሩ በፊት፣ ፕላስተሩን በራሱ ላይ አጥፎ በዝግታ እንደሚስበው ይነግራችኋል። «መኪናውን ስትወስድ ይነሳል» ካላችሁ፣ የቀለሙ ጠርዝ ተቦጭቆ እንደሚመጣ ከወዲሁ እወቁት።

በርክክቡ ቀን ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት በቀን ብርሃን ጥፍራችሁን በጌጡ ዙሪያ፣ በተለይም በሚታጠፍበት ቦታ አስኪዱት። ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ካለ ወይም በጌጡና በቆርቆሮው መካከል ያለው መስመር በቀለም ከተደፈነ አትረከቡ። «ፖሊሽ ያስተካክለዋል» የሚለውን አትቀበሉ፤ ፖሊሽ ጠርዙን ያበራዋል እንጂ ከጌጡ ሥር የቀረውን ሰምና ዝገት አያነሳም። ሊጠየቅ የሚገባው ድልድዩ በስለት በጥንቃቄ ተለይቶ ጌጡ እንዲፈታ፣ ያ አካል እንደገና ተፍቆ እንዲቀባ፣ ይህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሆንና ቀኑ በጽሑፍ እንዲሰፍር ነው።