ተራ አማካይ ወይስ አርኤምኤስ?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አራት የጤፍ ጆንያዎች ተመዘኑ እንበል። ከተባለላቸው ክብደት አንዱ 3 ኪሎ ይበልጣል፣ ሌላው 3 ያንሳል፤ ሦስተኛው 5 ይበልጣል፣ አራተኛው 5 ያንሳል። ተራ አማካዩ ዜሮ ነው፤ ትርፉና ጉድለቱ ተጣፍቷል። አራቱንም አንድ ላይ ለሚጭን ነጋዴ ይህ በቂ ነው። አንድ ጆንያ ብቻ ለምትገዛ እናት ግን ምንም አይነግራትም።

ለእሷ የሚያስፈልጋት አርኤምኤስ፣ ማለትም ሩት ሚን ስኩዌር ነው። እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ አባዙት፦ 9፣ 9፣ 25፣ 25። ድምሩ 68፣ ለ4 ሲካፈል 17። የ17 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ 17 የሚሰጠው ቁጥር፣ 4.12 ኪሎ ገደማ ነው። ኔጌቲቭ ምልክቱ ስለሚጠፋ አንዱ ስህተት ሌላውን አይሸፍንም። ቅደም ተከተሉን አደራ! መጀመሪያ ከደመራችሁ ተመልሳችሁ ዜሮ ላይ ናችሁ። አርኤምኤስ ትልልቅ ልዩነቶችን አጉልቶ እንደሚቆጥርም እወቁ፤ ምልክቱን ትተን የልዩነቶቹን ተራ አማካይ ብናሰላ 4 ብቻ ነበር።

የቤታችን መብራትም እንዲሁ ነው። ቮልቴጁ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ 311 ገደማ እየደረሰ ስለሚመላለስ ተራ አማካዩ ዜሮ ነው። 220 ቮልት የምንለው አርኤምኤሱን ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሙቀትም የሚሰላው በዚሁ ቁጥር ነው።