ሽበታሙና ባዘቶው፦ ሁለት ጸጉራም ካክተሶች በአዲስ አበባ በረንዳ ላይ፣ ከ16 ወር በኋላ

ሁለቱን ካክተሶች የገዛኋቸው አምና ጥቅምት ላይ፣ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ነው። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ሴፋሎሴሪየስ ሴኒሊስ የሚባለው የሜክሲኮ ተክል ነው፤ ረጅም ነጭ ጸጉሩ ከአናቱ ጀምሮ ተንዠርግጎ ይወርዳል። ሁለተኛው ኤስፖስቶኣ ላናታ፣ የፔሩና የኢኳዶር ተራሮች ተወላጅ ነው፤ የሱ ጸጉር አጠር ብሎ ድፍን ያለ በመሆኑ ጥጥ የለበሰ ዘንግ ይመስላል። ስገዛቸው የመጀመሪያው 23፣ ሁለተኛው 19 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነበራቸው። ለሁለቱ 2,600 ብር ከፈልኩ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ባለፈው ክረምት ግን አንዱን ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። ይህን የምጽፈውም እነዚህን ተክሎች አይተው ለከጀሉ ሰዎች ነው፤ በእኛ ከተማ የሚገድላቸው ፀሐይ ሳይሆን ክረምት መሆኑን ሳይገዙ በፊት ቢያውቁት ይሻላል።

የሜክሲኮ ሰዎች የመጀመሪያውን «የሽማግሌ ራስ» ይሉታል። እኛ ቤት ሽበታሙ ነው። ባዘቶው የሚለውን ስም ያወጣችው እናቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ስለሆነች፣ በረንዳው ላይ ስታየው «ይሄ ባዘቶ አይደለም እንዴ!» ብላ ጣቷን ሰደደች። ወዲያው ሳበችው፤ ጫፉ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ወጥታለች። ከሱፉ ሥር መርፌ የመሰለ እሾህ ተሰልፏል፤ በሽበታሙም እንደዚያው ነው። ጸጉሩ ራሱ መልኩን የለወጠ እሾህ ነው፤ ተራራው ላይ ከጠራራ ፀሐይና ከሌሊት ብርድ ይከላከልላቸዋል። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ከፍ አድርጎ ያስቀምጣቸው።

«ወተቱ ዓይንሽ እንዳይገባ ልጄ» አለችኝ ጣቷን እየጠረገች። «እማዬ፣ እነዚህ ወተት የላቸውም» አልኳት። ይህን ብዙ እንግዳ ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልበለው። በየገደሉና በየአጥሩ የምናውቀው ግዙፉ የአገራችን ቁልቋል ካክተስ አይደለም፤ ዩፎርቢያ የሚባል፣ የሌላ ቤተሰብ ተክል ነው። ነጭ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ቆዳንም ያቃጥላል። የእኔዎቹ ሲቆረጡ የሚወጣቸው ውሃ መሳይ ፈሳሽ ነው። የካክተስ ሌላው መለያ እሾሁና ጸጉሩ የሚወጣበት፣ እንደ ትንሽ ትራስ ያበጠው ነጥብ ነው።

ሲሸጡልኝ የተተከሉት ጥቁር ዋልካ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይህ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ለቀናት ይዞ ይቆያል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ሽበታሙ በአገሩ የሚበቅለው በኢዳልጎና በቬራክሩዝ ግዛቶች፣ በይበልጥም በሜትስቲትላን ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ገደሎች ላይ ነው። እዚያ ዝናቡ ወርዶ ወዲያው በድንጋዩ መሃል ሰርጎ ይጠፋል። ስለዚህ በገዛኋቸው ሳምንት ከዋልካው አወጣኋቸው። ጋዜጣ ደራርቤ አጥፌ እንደ ቀበቶ ወገባቸውን ያዝኩበት፤ ጓንት ብቻውን አይበቃም፣ ጸጉሩንም ይነቅላል።

አዲሱን አፈር ለማዘጋጀት ውድ ነገር አላስፈለገኝም። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት። ፑሚሱን አንድ ጆንያ ሙሉ ከሰፈራችን ብሎኬት አምራች ገዛሁ፤ ሬድ አሹ ከጎረቤት ግንባታ የተረፈ ነው። ሁለቱም ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የወጡ፣ ቀዳዳ የበዛባቸው ቀላል ድንጋዮች ስለሆኑ ትንሽ እርጥበት ይዘው የቀረውን ያሳልፋሉ። ዋናው ሥራ ማበጠር ነው። ዱቄቱ በወንፊት ካልወጣና ድንጋዩ ካልታጠበ ታች ወርዶ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። ለሽበታሙ አንድ እፍኝ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጨመርኩለት። ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሥር ያቃጥላል። ፖቱ ሸክላ ሆኖ ታቹ የተበሳ ይሁን።

ብርሃን ይወዳሉ፤ በበዛላቸው መጠን ጸጉራቸው ጥቅጥቅ ይላል። ነገር ግን ከሻጩ ጥላ በቀጥታ አውጥቶ ለአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ መስጠት ያቃጥላቸዋል። እኔ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አላመድኳቸው። ውሃ በበጋ በየ10 እስከ 14 ቀን አጠጣለሁ፤ ሌሊቱ በሚበርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ በወር አንዴ ይበቃል። ከማጠጣቴ በፊት ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰድጄ አያለሁ፤ እርጥበት ይዞ ከወጣ እተወዋለሁ። ጸጉሩ ግንዱን ስለሚሸፍነው ተክሉ መጠማቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ያው መሸፈኛ ተባይም ይደብቃል። አምና ጥር መጨረሻ ላይ ጉንዳኖች ተሰልፈው ባዘቶው ላይ ሲወጡ አየሁ። ስኳር የሌለበት በረንዳ ላይ ጉንዳን ምን ይፈልጋል? ሱፉን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ገለጥ ሳደርግ፣ ከእሾሁ ሥር ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የሚያህሉ ነፍሳት ተጣብቀዋል። ሚሊበግ ናቸው፤ የእንሰት ገበሬዎች ሥሩ ላይ የሚያውቁት ተባይም የነዚሁ ዘመድ ነው። የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጡ ጣፋጭ ነገር ያንጠባጥባሉ፤ ጉንዳኑ የሚመጣው ለዚያ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ስለሆኑ ጉንዳኖቹ ባይመሩኝ ኖሮ አላያቸውም ነበር።

ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ገዝቼ፣ የጆሮ ጥጥ እየነከርኩ አንድ በአንድ ነካኋቸው። ይህን ሲመሽ እንጂ በፀሐይ አታድርጉት። እንቁላሉ ስለሚፈለፈል ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ ደገምኩት። ከፖቱ አውጥቼ ሥሩንም ፈተሽኩ፤ ንጹህ ነበር። አሁንም በየ15 ቀኑ ሱፉን እየገለጥኩ አያለሁ። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ጸጉር የሌለው ካክተስ ቢገዛ ይሻለዋል።

ከዚያ ክረምት ገባ። በሰኔ ሽበታሙን ወደ ሳሎን መስኮት አስገባሁት። ባዘቶውን ግን የበረንዳው ክፈፍ ይከልለዋል ብዬ ውጭ ተውኩት። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ለሦስት ቀን መታው። ሱፉ እንደ ራሰ ጋቢ ከብዶ ተኛ፤ ፀሐይ ስለሌለ ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። አንድ ጠዋት እግሩን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደበሰለ ሙዝ ገባ። የኮመጠጠ ሽታም ነበረው።

ቢላውን በአልኮል ጠርጌ ከበሰበሰው በላይ ቆረጥኩት። የተቆረጠው ፊት መሃሉ ላይ ቀለበት አለው፤ ውሃ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ናቸው። ቀለበቱ ውስጥ አንዲት ቡናማ ነጥብ እንኳ ካለች ብስባሱ ገና ወደ ላይ እየሄደ ነው ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ቢላውን እየጠረግኩ ቀጠልኩ። አራተኛው ላይ ፊቱ ንጹህ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆነ። ከ24 ሳንቲ ሜትር የተረፈኝ 11 ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ለመቁረጥ አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ ይህም አይተርፍም ነበር።

ቁራጩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ ወጥ ቤት ፍሪጅ አናት ላይ ለአምስት ሳምንት አደረቅኩት። ቁስሉ እንደ ቡሽ ደርቆ ሲጠነክር፣ መስከረም መባቻ ላይ ደረቅ ፑሚስ ውስጥ ተከልኩት። ውሃ ጠብታ አልሰጠሁትም። ሥር የሌለውን ቁራጭ ማጠጣት መልሶ ማበስበስ ነው። ኅዳር ላይ በቀስታ ሳብ ሳደርገው እምቢ አለ፤ ሥር ሰዷል። ዛሬ 13 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ አዲስ፣ ከድሮው የነጣ ባዘቶ እያበቀለ ነው።

ሳሎን የከረመው ሽበታሙም ያለ ዋጋ አላለፈውም። ብርሃን አንሶት በዚያ ሁለት ወር ያደገው ክፍል ቀጠነ፤ ያ የቀጠነ አንገት ወፍሮ አይስተካከልም። በመስከረምና በጥቅምት፣ ከዚያም በፊት በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ወፍራም ሆኖ አድጓል። አሁን 28 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ16 ወር 5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ቶሎ የሚያድግ ተክል የሚፈልግ ሰው ይህን ልብ ይበል።

የመንገዱ አቧራ ሽበቱን ያደክመዋል። መጋቢት ላይ አንድ ፀሐያማ ጠዋት መርጬ፣ ፖቱን በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ በቀጠነ የሕፃን ሻምፑና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አጠብኩት። እስከ ማታ ደረቀ፣ እንደ ሐርም አበራ። እታች ያለው የአሮጌ ጸጉር ቢጫነት ግን ዕድሜው ስለሆነ በፍትጊያ አይለቅም።

አበባ አትጠብቁ። ሽበታሙ በአገሩ እስከ 15 ሜትር ይረዝማል፤ የሚያብበውም ብዙ ሜትር ሲረዝም፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። አበባው ሌሊት ይፈካል፣ የሚያዳቅለው የሌሊት ወፍ ነው። በዱር እየተነቀለ ህልውናው አደጋ ላይ ስለወደቀ፣ እግሩ የጠቆረና የቆሳሰለ ትልቅ ተክል ቢያቀርቡላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከዘር የበቀለ ትንሽ ችግኝ ይበቃል።

እኔ በድጋሚ እገዛቸው ነበር። ጠዋት ፀሐይ ከኋላ ስትመታው የሽበታሙ ጸጉር ዙሪያውን የሚያበራውን ብርሃን ለማየት ብቻ ቡናዬን በረንዳ ላይ የምጠጣበት ቀን ብዙ ነው። በረንዳው ፀሐይ የማያገኝ ሰው ግን ገንዘቡን አያውጣ። ባለፈው ክረምት ውጭ የተውኩት በሰበሰ፣ ውስጥ ያስገባሁት ቀጠነ። ዘንድሮ ሁለቱንም ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ሥር፣ ነፋስ በጎን እንዲገባላቸው አድርጌ ውጭ ላከርማቸው ነው። በረንዳውን ለክቻለሁ፤ 1 ሜትር ከ20 በ80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቆርቆሮው ከግንቦት በፊት ይሰቀላል።